በነጭ ጨርቅ ሥር የቀረ ክር፦ ክዊልትን ከክር ትርፍራፊ የማጽጃ መሣሪያዎችና አጠቃቀማቸው

ክዊልቱ፣ ማለትም ከሦስት ንብርብር ጨርቅ የተሰፋው የአልጋ ልብስ፣ አልቋል። ፊቱ ተገጣጥሞ ተሰፍቷል፣ ባዘቶው ተነጥፏል፣ ገበሩ ተያይዟል፣ ሦስቱም ላያቸው ላይ በሄደው ስፌት አንድ ሆነዋል። መስኮት አጠገብ ሲዘረጋ ግን ነጩ ጨርቅ ውስጥ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ትታያለች። እድፍ አይደለችም፤ ቢያጥቧትም አትለቅም። ከጥቁር ሰማያዊው ጨርቅ ጠርዝ ተመዝዛ ከነጩ ሥር የተኛች አንዲት ክር ናት። ጨርቁ ከመደረቡ በፊት ብትታይ ኖሮ በወረንጦ ብድግ ማድረግ ይበቃ ነበር። አሁን ግን ከላይም ከታችም ተሰፍቶባታል።

ብዙ ሰው የክር ጽዳትን እንደ መጨረሻ ማሳመሪያ ያየዋል፤ ክዊልቱ ካለቀ በኋላ መቀስ ይዞ ዙሪያውን መልቀም ማለት ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ዋናው ጽዳት መሠራት ያለበት ሦስቱ ንብርብሮች ከመገናኘታቸው በፊት፣ የፊቱ ጀርባ ገና ገላጣ ሳለ ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ለቀማ ቀላል ነው። ስለዚህ ከታች መሣሪያዎቹን የማነሳቸው በሱቅ መደርደሪያ ቅደም ተከተል ሳይሆን ሥራው በሚጠይቃቸው ጊዜ ነው።

ስለ ቃላቱ አንድ ነገር። «ድሪቶ» የሚል ቃል አለን፤ ነገር ግን ድሪቶ ያለቀ ልብስ ላይ እራፊ እየተደራረበ የሚጣፍ ነው። ክዊልት ደግሞ ሆን ተብሎ በልክ ከተቆረጠ ጨርቅ የሚሠራ ስለሆነ ቃሉን እንዳለ እወስደዋለሁ። መሃል የሚገባውን የጥጥ ወይም የፖሊስተር ንጣፍ ባዘቶ እለዋለሁ፤ ከሥር ያለውን ጨርቅ ገበር።

ከመቁረጥ በፊት የክሩን ዓይነት መለየት

ክዊልት ላይ የሚታይ ትርፍ ክር ከሦስት አንዱ ነው፦ የስፌት ክር ጫፍ፣ ከጨርቁ ሽመና የወጣ ድር ወይም ማግ፣ ወይም ከውስጥ ሾልኮ የወጣ የባዘቶ ጭረት። ሦስቱም አያያዛቸው ይለያያል፤ አብዛኛው ጥፋት የሚደርሰውም አንዱን እንደሌላው በመያዝ ነው።

የስፌት ክር ለስላሳ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ክር አንድ ላይ ተገምዶ ስለተሠራ ጫፉን በጣት ወደ ኋላ ሲያጠነጥኑት ይፈታል። ከሽመና የወጣ ክር ግን ሌሎች ክሮችን በላይና በታች እያለፈ ስለኖረ ሲወጣም እንደ ተሠራ ጸጉር የተወዛወዘ ነው። ይህን ውዝዋዜ አንዴ ያየ ሰው ዳግመኛ አይሳሳትም። የባዘቶ ጭረት ደግሞ ግምድ የለውም፤ ከሌሎቹ ቀጭን ሆኖ እንደ ጢም ችምችም ብሎ ይወጣል።

የስፌት ክር ሲሆን በፍጹም አይሳብም። ቀስ ብለው ሲነኩት አጠገቡ ያለው ስፌት ከተሸበሸበ ክሩ ገና ሥራ ላይ ነው ማለት ነው፤ ይቆረጣል እንጂ አይጎተትም። ከሽመና የወጣ ክር ሁለቱም ጫፎቹ ነጻ ከሆኑ በወረንጦ ይነሳል፤ አንድ ጫፉ ጨርቁ ውስጥ ከሆነ እዚያው ይቆረጣል። ከሳቡት ከጠርዙ ጋር ትይዩ የሆነ ክር በሙሉ ተመዝዞ ይወጣል፤ 6 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነው የስፌት ትርፍ (ከስፌቱ መስመር እስከ ጨርቁ ጠርዝ ያለው) ደግሞ እንዲህ ያለውን ጉዳት ብዙ ጊዜ አይሸከምም። የባዘቶውን ጭረት መሳብ ከሁሉም የከፋ ነው፤ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ስለሚወጣ።

መቀስና ወረንጦ

ለክር ጽዳት የሚያስፈልገው መቀስ ትንሽ ነው፤ ጠቅላላ ርዝመቱ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ጫፉ ሹል፣ ስለቱ እስከ ጫፉ ድረስ የሚቆርጥ። ብዙ ርካሽ መቀሶች መሃላቸው ላይ ይቆርጣሉ፣ ጫፋቸው ላይ ግን ክሩን ያጥፉታል። ሲገዙ አንድ ነጠላ የጥጥ ክር ወጥሮ ሳይሆን ረገብ አድርጎ ይዞ በመጨረሻዎቹ 2 ሚሊ ሜትሮች መሞከር ነው። ረገብ ያለውን ክር አጥርቶ ከቆረጠ ጥሩ መቀስ ነው።

ጫፉ ወደ ላይ የተቆለመመ የጥልፍ መቀስ ላለቀ ክዊልት ከሁሉ ይሻላል። ኩርባው ሆዱን ወደ ጨርቁ አድርጎ ስለሚተኛ ሹሉ ጫፍ ወደ አየር ያያል፤ ጨርቁን የመብሳት ዕድሉ ይቀንሳል። ቀጥ ያለውን መቀስ ጨርቁ ላይ አስተኝቶ ክር መቁረጥ ትንሽ የቪ ቅርጽ ያለው ቀዳዳ የሚያስከትል የታወቀ ስህተት ነው። በተለይ ጨርቁ ለስላሳ ሆኖ ባዘቶው ወፍራም ሲሆን ጨርቁ ወደ ስለቱ መሃል ያብጣል። ስለዚህ ክሩን በግራ እጅ ወይም በወረንጦ ቀና አድርጎ፣ ጨርቁን በቀለበት ጣት ወደ ታች ጫን አድርጎ መቁረጥ ያስፈልጋል።

ቀለበት የሌለው፣ በመዳፍ ውስጥ ተጨምቆ የሚቆርጠው የልብስ ሰፊዎች ክር መቁረጫ ለፍጥነት ነው። የስፌት መኪናው አጠገብ ሆኖ ተከታትለው የተሰፉ ቁርጥራጮችን ለመነጣጠል ከእሱ የሚሻል የለም። ላለቀ ክዊልት ግን አልመክረውም፤ ሁለቱም ጫፎቹ ሹል ስለሆኑ የት እንደሚያርፉ ለመቆጣጠር ያስቸግራል።

ወረንጦ ሲመረጥ ዋናው ነገር የጫፎቹ መገጣጠም ነው። ወደ ብርሃን ይዞ ጨምቆ ማየት፤ በጫፎቹ መካከል ብርሃን ከታየ ቀጭን ክር አይይዝም። ጫፉ በትንሹ የታጠፈው ዓይነት እጅ ዕይታውን ሳይሸፍን ከስፌት መስመር ሥር ይገባል። ውስጡ ጥርስ ያለው ወረንጦ የስፌት ክርን ጠበቅ አድርጎ ይይዛል፣ ነገር ግን የሽመና ክርን ይበጣጥሳል፤ ስለዚህ ለስላሳውን እመርጣለሁ።

መተርተሪያና የሚያስቀራቸው ቅንጥብጣቢዎች

የተሳሳተ ስፌት መፍታት ትልቁ የክር ትርፍራፊ ምንጭ ነው። ባለ ሁለት ጣት መተርተሪያውን ስፌቱ ውስጥ አስገብቶ በአንድ ግፊት ከዳር እስከ ዳር መሰንጠቅ ፈጣን ይመስላል፤ ነገር ግን ስፌቱ 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ በየ25 ሴንቲ ሜትሩ ከመቶ በላይ ቅንጣቢ በሁለቱም ጨርቅ ላይ ይዘራል። የተሻለው መንገድ ጨርቁን አስተኝቶ በአንድ በኩል ብቻ በየሦስተኛው ወይም በየአራተኛው ስፌት መቁረጥ ነው። ከዚያ ጨርቁን ገልብጦ የሌላውን በኩል ክር ሲያነሱት ሳይበጠስ አንድ ወጥ ሆኖ ይወጣል። ቅንጣቢዎቹ በቆረጡት በኩል ብቻ ይቀራሉ፤ ቁጥራቸውም በሦስት ወይም በአራት እጥፍ ይቀንሳል።

የቀሩትን አንድ በአንድ መልቀም ጊዜ መጨረስ ነው። ንጹሕ ነጭ ላጲስ ወይም የሲሊኮን ጫፍ ያለው የስፌት መሣሪያ በስፌቱ መስመር ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ሲጠርጉበት ቅንጣቢዎቹ ተጠቅለው ይነሳሉ። ወዲህና ወዲያ ማሸት ጠርዙን ያተረትረዋል። ባለቀለም ላጲስ ነጭ ጨርቅ ላይ ቀለም ሊተው ስለሚችል አይነካ። የባንክ ገንዘብ ቆጣሪ የሚያጠልቀው ዓይነት የላስቲክ ጣትም ይህንኑ ሥራ ይሠራል።

ተርትሮ ያልተቆረጠ ጫፍ ላይ መልሶ መስፋት ሌላ ችግር ያመጣል፤ አሮጌው ክር አዲሱ ስፌት ውስጥ ይገባና ሁለት ጊዜ የተሰፋ ይመስላል፣ በኋላ ሲጎትቱትም አዲሱን ያላላዋል። ስለዚህ ከመልሶ መስፋት በፊት ጽዳቱ ማለቅ አለበት።

የሚያጣብቁ ነገሮች

ባለ እጀታ የሚያጣብቅ ሮለር፣ ሠዓሊዎችና ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት የወረቀት ፕላስተር፣ ተራው ግልጽ ፕላስተር፤ ሁሉም ክር ያነሳሉ። ልዩነታቸው የሙጫው ጥንካሬ ነው። ለክዊልት ፊት የወረቀት ፕላስተሩን አስቀድማለሁ፤ ሙጫው ለዘብተኛ ስለሆነ ክሩን ያነሳል፣ የጨርቁን ጠርዝ ግን እምብዛም አይጎትትም። 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውን በአራቱ ጣቶች ላይ የሙጫውን ፊት ወደ ውጭ አድርጎ መጠቅለልና ጨርቁን መታ መታ ማድረግ ነው። መጥረግ ሳይሆን መታ ማድረግ። ብርማው ወፍራም ፕላስተር ሙጫውን ጨርቁ ላይ ስለሚተው ፈጽሞ አይሆንም።

ሮለሩ ለሰፊ ቦታ ይጠቅማል፤ ነገር ግን የክዊልቱ ፊት ጀርባ ላይ ሲንከባለል ከስፌቱ መስመር ጋር ትይዩ ሆኖ መሄድ አለበት። ስፌቱን አቋርጦ ከሄደ በካውያ የተኛውን የስፌት ትርፍ ቀና ያደርገዋል፤ ጠርዙንም ይመዝዛል፤ ሊያጸዱ ሄደው አዲስ ትርፍራፊ ያመርታሉ። የሮለሩ ወረቀት መያዙን ሲቀንስ ወዲያውኑ መላጥ ነው። ከሁሉ በላይ ግን፣ ሙጫ ነክቶት የቀረበት ጨርቅ ላይ ካውያ አይወርድም። ሙቀት ሙጫውን ወደ ክሩ ውስጥ ያሰርገዋል፤ ከዚያ በኋላ አቧራ እየሳበ ይጠቁራል።

ሙጫ ለማይፈልግ ሰው የላስቲክ የወጥ ቤት ጓንት ወይም በደንብ የተጨመቀ ስፖንጅ በቂ ነው። ጓንቱን ወደ አንድ አቅጣጫ ሲጎትቱት ክሩ እየተንከባለለ ይሰበሰባል። ስፖንጁ ውኃ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ከቀይና ከጥቁር ሰማያዊ ክር የሚለቅ ቀለም ነጩን ሊነካው ይችላል፤ ስለዚህ እጅ ላይ እርጥበቱ የማይታወቅ እስኪሆን ይጨመቅ።

ሁለት ነገሮች በጭራሽ ወደ ክዊልት አይቅረቡ። አንዱ በባትሪ የሚሠራው የሹራብ ብናኝ መላጫ ነው፤ ከክሩ ጋር የስፌቱን ቀለበት አንስቶ ይቆርጣል። ሁለተኛው ላይተር ነው። የክር ጫፍ በእሳት መለብለብ በልብስ ስፌት ቤት የተለመደ ቢሆንም የሚሠራው ለሰው ሠራሽ ክር ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ቀልጦ ቆዳ የሚቆረቁር ጠንካራ ፍሬ ይሆናል። ጥጥ ደግሞ አይቀልጥም፤ ይጠቁራል፣ ይቀጣጠላል።

ከመደረቡ በፊት የሚደረግ ፍተሻ

ፊቱ ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ መጀመሪያ መሠራት ያለበት ካውያ አይደለም። ካውያ ክሩን ጨርቁ ላይ አስተኝቶ ስለሚለጥፈው መጀመሪያ ጨርቁን ደጅ ወይም በረንዳ ላይ ማራገፍ፣ ከዚያ ጀርባውን ወደ ላይ አድርጎ ጠረጴዛ ላይ ማንጠፍ። ከላይኛው ግራ ጥግ ተነስቶ አንድ ረድፍ ጨርሶ ወደሚቀጥለው መሄድ። የክር ጫፎች ከስፌቱ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ቀርተው ይቆረጡ፤ ልክ ስፌቱ ሥር መቁረጥ የመጨረሻዋን ስፌት ይፈታታል።

ሁሉንም ክር መልቀም ግን አያስፈልግም፤ ጊዜ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ከጥቁር ጨርቅ ጀርባ ያለ ጥቁር ክር ማንንም አይጎዳም። ዓይን ማረፍ ያለበት ከነጭ፣ ከክሬምና ከፈዛዛ ቢጫ ቁርጥራጮች ጀርባ ላይ ነው። እዚያ ያለ ማንኛውም ባለ ቀለም ክር ይወገድ። በተጨማሪም የጥቁሩ ጨርቅ የስፌት ትርፍ ወደ ነጩ በኩል ተኝቶ ከሆነ እሱ ራሱ እንደ ጥላ ይታያል። ስፌቱ ወደ ጥቁሩ እንዲተኛ በካውያ ማዞር፤ ካልተቻለ ጥቁሩን ትርፍ ከነጩ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር አሳጥሮ መከርከም።

ከዚያ ፊቱን ቀን ብርሃን ያለበት መስኮት ላይ በሁለት ሰው ወይም በመጋረጃ ዘንግ ሰቅሎ ከፊት ለፊት ማየት ነው። ጠረጴዛ ላይ ያመለጠው ሁሉ እዚህ ይገለጣል። የታየውን በመርፌ ቁልፍ ምልክት አድርጎ ካወረዱ በኋላ ማውጣት። ብርሃኑ ከኋላ ስለሚመጣ ጥቁር ትርፎችም እንደ ክር ሊታዩ ይችላሉ፤ ግራ ካጋባ ነጭ ጨርቅ ከኋላው ይዞ ማየት ይበቃል። ባዘቶው ነጭ ስለሚሆን በመጨረሻ የሚታየው ይኸኛው ነው።

ሲጠናቀቅ የፊቱን ዙሪያ በሙሉ ከጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ አንድ መስመር መስፋት እመክራለሁ። ዳር ላይ ያሉ ስፌቶች እንዳይፈቱና ሲነጠፍ ሲጎተት ጠርዙ እንዳይመዘዝ ያደርጋል፤ ይህ መስመር በኋላ ጠርዝ ማሰሪያው ሥር ስለሚገባ አይታይም።

ትርፍራፊው እንዳይበዛ

የደነዘ ምላጭ ያለው ተሽከርካሪ መቁረጫ በየቦታው አንድ ሁለት ክር ሳይቆርጥ ያልፋል። እነዚያን በእጅ ሲበጥሷቸው ጠርዙ ይተለተላል። 45 ሚሊ ሜትሩ ምላጭ በየተወሰነ ርቀት ክር ማስቀረት ከጀመረ አንድ ቦታው ተሰብሯል፤ መቀየር ብቻ ነው መፍትሔው። ከመቁረጥ በፊት ጨርቁን ስታርች መርጨትም ጠርዙን ያጸናል። ስታርቹ ገብቶ እስኪሰርግ ጥቂት ደቂቃ ካልተጠበቀና ወዲያው ካውያ ከወረደበት ግን ነጭ ቅርፊት ይሆናል።

ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት የሚያጥቡ ሰዎች ከማሽኑ የሚያወጡት የተተበተበ የክር ጉንጉን ምን እንደሆነ ያውቁታል። አራቱን ጥግ በ1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር በሰያፍ ቆርጦ መጣል ያን በጣም ይቀንሳል፤ ጠርዙን በዚግዛግ ወይም በኦቨርሎክ መዝመዝ ደግሞ ጨርሶ ያስቀረዋል ማለት ይቻላል። ባቲክ ጨርቅ ሽመናው ጥብቅ ስለሆነ ብዙም አይመዘዝም። ፍላኔልና ተልባ እግር በጣም ይመዘዛሉ።

መኪናው ላይ ደግሞ ሁለት ልማድ በቂ ነው። ቁርጥራጮችን ክር ሳይቆርጡ አከታትሎ መስፋት አንዱ ነው፤ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ አንድ ትንሽ እራፊ ሰፍቶ ማለፍ ሁለተኛው። ረጃጅሙ የክር ጫፍ እራፊው ላይ ስለሚቀር ሥራው ንጹሕ ይሆናል። ለሁሉም ቀለም በሚስማማ ፈዘዝ ያለ ግራጫ ክር መገጣጠምም የቀረ ጫፍ ቢኖር እንዳይጎላ ይረዳል።

ከታች በኩል የሚፈጠረው የክር ትብትብ የታች ክር ችግር ይመስላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የላይኛው ነው። ጨርቁን የሚጫነው የመኪናው እግር ወርዶ ሳለ ክር ከተሰካ፣ ክሩን ጠበቅ አድርገው የሚይዙት የውጥረት ሳህኖች ተከፍተው ሳይሆን ተዘግተው ስለሚቆዩ ክሩ መካከላቸው አይገባም፤ ልቅ ሆኖ ወደ ታች ይፈስሳል። እግሩን አንስቶ እንደገና መሰካት፤ ሲጀምሩም ሁለቱንም ክሮች ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ስፌቶች ይዞ ማቆየት።

ሦስቱ ንብርብሮች ሲሰፉ የሚቀሩ ጫፎች

እዚህ መቁረጥ ስህተት ነው። ከላይ ወደ ታች የሚሄደው ስፌት ሲጀምርና ሲያልቅ የሚተወው ጫፍ ልክ ሥሩ ላይ ከተቆረጠ ከጥቂት እጥበት በኋላ መፈታት ይጀምራል። ጫፉ ባዘቶው ውስጥ ይቀበራል እንጂ አይቆረጥም።

ሲጀምሩ መርፌውን አንድ ጊዜ አውርዶ አውጥቶ የላይኛውን ክር ሲስቡት የታችኛው ቀለበት ሆኖ ብቅ ይላል፤ አውጥቶ ሁለቱንም በላይ በኩል ማድረግ። ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ይተው። ሁለቱን ክሮች ከጨርቁ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ መቋጠር፣ በአንድ መርፌ ሰክቶ መርፌውን ስፌቱ በጀመረበት ቀዳዳ ማስገባት፣ ገበሩን ሳይነኩ በባዘቶው ውስጥ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ሄዶ ማውጣት። በድንገት ሳብ ሲያደርጉት ቋጠሮው «ጭጥ» ብሎ ይገባል። ከዚያ ክሩን ትንሽ ወጠር አድርጎ ጨርቁ ላይ ሲቆርጡት ጫፉ ወደ ውስጥ ይሰወራል።

አናቱ የተሰነጠቀ፣ ክሩ ከላይ ተጭኖ የሚሰካበት መርፌ ለዚህ ሥራ ተሠርቷል፤ ብዙ ጫፍ ላለው ሥራ ጊዜ ይቆጥባል። ድክመቱ ስንጥቁ አንዳንዴ ክሩን መላጡ ነው። ጫፉ አጥሮ መርፌ ውስጥ አልገባ ካለ ሌላ ጠንካራ ክር እጥፍ አድርጎ መርፌ ላይ ሰክቶ ቀለበቱን ከኋላ ማስቀረት፣ መርፌውን በባዘቶው ውስጥ አሳልፎ አጭሩን ጫፍ ቀለበቱ ውስጥ አስገብቶ መሳብ ነው። ጫፎቹን እዚያው በሠሩበት ቀን መቅበር ይሻላል፤ ሁሉንም ለመጨረሻ ካስቀመጧቸው እርስ በርስ ተጠላልፈው ቀጣዩ ስፌት ሥር ይገባሉ።

ክሩ ከሥር ከቀረ በኋላ

ወደ መጀመሪያዋ ሰማያዊ መስመር እንመለስ። ተስፋ አይቆረጥም። መጀመሪያ የሚሞከረው ቀጭን መርፌ ነው፤ በሽመናው መካከል አስገብቶ ክሯን ከሥር እየገፉ አጠገቧ ወዳለው ጥቁር ጨርቅ ሥር መውሰድ። 1 ሴንቲ ሜትር ብትሆን እንኳ ብዙ ጊዜ እሺ ትላለች። መርፌው የተወውን ቀዳዳ በጥፍር ቀስ ብሎ በመስቀለኛ መቧጨርና በአንድ ጠብታ ውኃ መንካት ክሮቹን ወደ ቦታቸው ይመልሳል።

ካልሄደች 0.6 ሚሊ ሜትር የሆነ እጅግ ቀጭን የኪሮሽ መርፌ በአቅራቢያው ካለው የመገጣጠሚያ ስፌት በኩል ገብቶ ሊስባት ይችላል። ለዚህም ካልበቃ የመገጣጠሚያውን ስፌት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፊት በኩል ተርትሮ በቀጭን ወረንጦ ማውጣት፣ ከዚያ በተመሳሳይ ቀለም ክር በእጅ፣ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው እየተሻገሩ በስውር ስፌት መዝጋት። ክሯ ላይ ስፌት ወግቶ ካለፈባት ስትሳብ ትበጠሳለች፤ ያኔ ግማሿን ከአንድ በኩል ግማሿን ከሌላው ማውጣት ነው። ነጩን ጨርቅ ቆርጦ መክፈት የሚታሰብ አይደለም።

የባዘቶ ጭረት ሲወጣ ጨርቁን በጣት ቆንጠር አድርጎ ከባዘቶው ማላቀቅ ወደ ውስጥ ይመልሰዋል፤ የማይመለሰው በተቆለመመው መቀስ ከላይ ይከርከም። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ሽመናው ሳሳ ያለ ጨርቅ፣ የደነዘ መርፌ ወይም ጥራቱ የወረደ ፖሊስተር ባዘቶ ነው። ጥቁር ፊት ላለው ክዊልት ጥቁር ባዘቶ መጠቀም ችግሩን ባያጠፋውም እንዳይታይ ያደርገዋል።

የድሮ፣ ጨርቁ የሳሳ ክዊልት ላይ ሙጫ አይነካም፣ ጓንትም አይጎተትም። ቫኪዩሙን ዝቅተኛ ጉልበት ላይ አድርጎ አፉን በስቶኪንግ ሸፍኖ፣ ጨርቁ ላይ ወንፊት መሳይ መረብ አስተኝቶ በላዩ ማለፍ በቂ ነው።

ከሸማ ለሚሠሩ

በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን የእናትን ነጠላ ወይም ያረጀ የሐበሻ ቀሚስ በክዊልት መልክ ማቆየት ሲፈልጉ ከላይ ያለው ሁሉ በእጥፍ ይከብዳል። ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ በእንዝርት የተፈተለ ለስላሳ ፈትል የሆነ ሸማ ሽመናው ሳሳ ያለ ስለሆነ መቀስ በነካው ቅጽበት ይመዘዛል፤ 6 ሚሊ ሜትር የስፌት ትርፍም ፈጽሞ አይበቃውም። መጀመሪያ ሳይቆረጥ በሙሉ ጀርባው ላይ በካውያ የሚጣበቅ ስስ ነጭ ማጠንከሪያ ጨርቅ ይለጠፍ፤ ከዚያ ይቆረጥ። የስፌት ትርፉ 12 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ ቁራጮቹም ከ10 ሴንቲ ሜትር በታች አይውረዱ። አንጸባራቂ ሰው ሠራሽ ክር ያለበት ጥበብ በጋለ ካውያ ይቀልጣል፤ ሙቀቱን ዝቅ አድርጎ በላዩ የጥጥ ጨርቅ ጣል ማድረግ ያስፈልጋል።

ጽዳቱ ላይ ትልቁ ጥንቃቄ የጥበቡ ጀርባ ነው። ከአንዱ ቅርጽ ወደ ሌላው የሚሻገሩት ክሮች ትርፍ ይመስላሉ፤ ግን የቅርጹ አካል ናቸው። እነሱን መከርከም ጥለቱን ከፊት በኩል ያፈርሰዋል። የሚለጠፈው ማጠንከሪያ እነዚህንም ስለሚይዛቸው ከመለጠፉ በፊት በመካከላቸው የገባ ባዕድ ክር ካለ በወረንጦ ይነሳ፤ ከተለጠፈ በኋላ አይወጣም። ሸማው ራሱ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ከሥሩ ያለው ሁሉ ነጭ መሆን አለበት፤ የመገጣጠሚያው ክር ሳይቀር።

የነጠላውን ቋጭ ማቆየት የሚፈልግ ሰው ከቋጩ በላይ 5 ሴንቲ ሜትር ጨርቅ ትቶ ይቁረጠው፤ ጠርዙንም ወዲያው በዚግዛግ፣ 3 ሚሊ ሜትር ስፋት በ2 ሚሊ ሜትር ርዝመት፣ ይዝመዝመው። በፊቱና በገበሩ መካከል ቋጩ ወደ ውጭ እንዲያይ አድርጎ ሁለት መስመር ሰፍቶ መያዝ ይቻላል። በሚሰፋበት ጊዜ ቋጩ በወረቀት ፕላስተር ጥቅልል ብሎ ይታሰር፤ ሙጫው ግን ቋጩን እንዳይነካ መሃል ላይ ወረቀት ይግባ። የተፈታ ቋጭ ካለ አይቆረጥም፤ ሁለቱን የክር ክፋዮች ለየብቻ ወደ አንድ አቅጣጫ አክርሮ፣ አንድ ላይ ወደ ተቃራኒው ገምዶ ጫፉን መቋጠር ነው።